ከወንዝ በላይ ያለ ከታች ላለው ምን ዕዳ አለበት?

አወቱ ወንዝ ጅማን አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፤ ከዚያም ከግልገል ጊቤ ይቀላቀላል። በግልገል ጊቤ ላይ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ፣ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ አለ። ስለዚህ ከአወቱ ስንቀዳ ከእኛ በታች ብዙ ሰው እንዳለ እናስተውል።

እንግዲህ በወንዝ ዳር ችግኝና አበባ እያፈላ፣ የሰው ግቢ እያስዋበ የሚኖር ቤተሰብን እናስብ። ሥራው ከአባት ለልጅ የተላለፈ ነው። በበጋ ውኃው ሲያንስ «ቀድመን የመጣን እኛ ነን፤ እንጀራችንም ይኸው ነው» ቢል ይፈረድበታልን? እንጀራነቱ እውነት ነው፤ ቀዳሚነቱ ግን ወንዙን ርስት አያደርግለትም። ከአባት የሚወረሰው የውኃው ባለቤትነት ሳይሆን የአያያዙ ዕውቀት ነው።

ይህ ዕውቀት በአገራችን አለ። ኮንሶዎች በተዳፋት ላይ የድንጋይ እርከን ሠርተው የዝናቡን ውኃ በማሳቸው ያስቀራሉ፤ ዩኔስኮም በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። አትክልተኛውም በማለዳ ወይም በማታ ቢያጠጣ፣ የተክሉን ሥር በሣርና በቡና ገለፈት ቢሸፍን፣ የጣራ ውኃ በበርሜል ቢያጠራቅም፣ ፀሐይ የምትወስደው ይቀንሳል።

ነገር ግን ቁጠባ ብቻውን ደግነት አይደለም። በቆጠበው ውኃ ሌላ መደብ ካስፋፋበት ለታችኛው ምን ተረፈለት? ፍትሕ የሚለካው በአትክልታችን ልምላሜ ሳይሆን ወደ ታች በለቀቅነው ውኃ ነው። ይህ ገቢን ይቀንስ ይሆናል፤ ዋጋ የማያስከፍል ፍቅረ ቢጽ ግን ከቃል አያልፍም።