እርጅና የሚጀምረው መቼ ነው?



የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን በ60 ዓመቱ በጡረታ ያሰናብታል። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ግን የዕድሜ ልኩ ሥራ ነው፤ አባት ሞፈርና ቀንበራቸውን ለልጃቸው ሲያስረክቡ፣ እናትም ለባና የሚሆነውን የበግ ጠጉር መፍተል ሲያቅታቸው «አረጁ» ይባላሉ።

እግዚአብሔር ግን እንዲህ አይቈጥርም። አብርሃም ጥሪውን ተቀብሎ ከካራን ሲወጣ 75፣ ሙሴም በፈርዖን ፊት ሲቆም 80 ዓመቱ ነበረ። ስለ ሕፃኑ ኢየሱስ በቤተ መቅደስ የመሰከረችውም አረጋዊቷ ሐና ናት።

እንግዲህ ሰውን ከዕድሜው ይልቅ የሚያስረጀው ምክሩን መጠየቅ መተዋችን ነው። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2013 ዓ.ም. የአያቶችንና የአረጋውያንን ቀን የመሠረቱት እንዳንረሳቸው ነው። ስለዚህ በምድጃው ዳር የተቀመጡትን ወላጆች ከመጦር አልፈን፣ ልጆቻችንን ጸሎት እንዲያስተምሩልን እንለምናቸው። አሜን።