የድንበር ሕግ የሚናገረው ለማን ነው?

አንድ መንግሥት ወደ ግዛቱ ማን እንደሚገባና ማን እንደማይገባ የመወሰን ሥልጣን አለው የሚለውን ሐሳብ የሚሞግት ሰው ጥቂት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ግን ብዙ ሰው ሳያስተውል ወደ ሌላ ድምዳሜ ይሻገራል። በውጭ ያለ ሰው የመግባት መብት ከሌለው በምንም ምክንያት ቢከለከል ተበደልሁ ሊል አይችልም፤ ምክንያቱ የቆዳው ቀለም ወይም የአያቶቹ አገር ቢሆንም እንኳ፣ ይላል። ነገሩ ለጆሮ የቀና ይመስላል። የአሜሪካ የፍልሰት ሕግ ታሪክ ግን ስሕተቱ የት ላይ እንዳለ ያሳያል ብዬ አምናለሁ። ስሕተቱ ሕጉ የሚናገረው ከደጅ ለቆመው ሰው ብቻ ነው ብሎ ማሰቡ ላይ ነው። በዘር የሚለይ የድንበር ሕግ ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው ውስጥ ላለው ሰው ነው፤ ከዜጎች መካከል የአገሩ ባለቤት ተብሎ የሚቆጠረው ማን እንደሆነ፣ ተጠግቶ የሚኖረውም ማን እንደሆነ ይነግረዋል።

ለዚህ ከማውቀው ሁሉ የጠነከረው ማስረጃ በ1924 የወጣው ጆንሰን-ሪድ የሚባለው ሕግ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉ ለእያንዳንዱ አገር ዓመታዊ ኮታ ሰጠ። ኮታው መጀመሪያ የተሰላው በ1890 የሕዝብ ቆጠራ በአሜሪካ ይኖሩ ከነበሩት የዚያ አገር ተወላጆች ሁለት በመቶው ተወስዶ ነው። የ1920 ቆጠራ በእጅ እያለ ይህን ያህል ወደ ኋላ የተሄደው በ1890 ጣሊያኖች፣ ግሪኮችና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ገና በብዛት ስላልገቡ ነበር። በ1921 ሕግ ከ42,000 በላይ የነበረው የጣሊያን ኮታ ወደ 3,845 ወረደ። አብዛኞቹ እስያውያን ዜግነት ሊያገኙ አይችሉም ስለተባሉ ጨርሶ ተዘጋባቸው። ኢትዮጵያም በኮታው ሠንጠረዥ ውስጥ ነበረች፤ የተሰጣትም ዝቅተኛው ቁጥር፣ መቶ ሰው፣ ነበር።

ከ1929 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ቋሚ ቀመር ግን ከዚህም ይልቅ ብዙ ይናገራል። በዓመት 150,000 ገደማ የሚሆነው ጠቅላላ ኮታ በ1920 የነበረው የአሜሪካ ሕዝብ ከየት ከየት እንደመጣ ታይቶ ይከፋፈል ተባለ። ደጋፊዎቹ ይህን ፍትሐዊ አሉት፤ አገሪቱ የተሠራችበትን መጠን ጠብቃ ትቀጥል ማለት ነውና። ይህ ቃል እንዳለ ቢፈጸም ኖሮ በዚያ ዘመን ከአሥር አሜሪካውያን አንዱ ጥቁር ስለነበር፣ ከኮታው አንድ አሥረኛ የሚሆነው ለአፍሪካ ሊደርስ ይገባ ነበር። ሕግ አውጪዎቹ በዚህ ላይ አስቀድመው መከላከያ አበጁለት። «ነዋሪዎች» የሚለው ቃል በባርነት የመጡ ሰዎችን ተወላጆች፣ የቀደምት አሜሪካውያንን ተወላጆች፣ ዜግነት የተከለከሉትንና ልጆቻቸውን እንደማያካትት በአንቀጽ 11 ጻፉ። ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰዎች፣ የሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ በ1868 ዜጎች ናችሁ ያላቸው ሰዎች፣ አሜሪካ ከማን እንደተሠራች በተቆጠረበት ቀን ሳይቆጠሩ ቀሩ። በሴኔጋል የሚኖር ገበሬ ስለዚህ አንቀጽ ሰምቶ አያውቅ ይሆናል። የአላባማው ጥቁር ገበሬ ግን አያቶቹ ጥጥ ለቅመው ባቆሙት አገር ከሕዝቡ ድምር ውጭ መደረጉን በሕግ ተነገረው። እርሱ የየትም አገር ቪዛ አልጠየቀም፤ ሆኖም ሕጉ ከማንም በላይ የነካው እርሱን ነው።

በዚህ ላይ ዘወትር የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ሰው በቤቱ ማንን እንደሚጋብዝ ማንም አያዝዘውም ይላል። ቤቱ የአንድ ሰው ከሆነ የተባለው ያስኬዳል። ቤቱ የወንድማማቾች የጋራ ርስት ቢሆን፣ ከወንድማማቾቹ አንዱ በሌላ እናት የተወለደ ቢሆን፣ የቀሩትም «የዚያችን እናት ዘመዶች ደጃችንን አናስረግጥም» ብለው ቢወስኑ ግን ስድቡ የሚያርፈው በእንግዳው ላይ ብቻ ነውን? ያ ወንድም ድርሻው በወረቀት ባይነካበትም በገዛ ቤቱ ጥገኛ መሆኑን ተነግሮታል። አገር እንዲህ ያለ የጋራ ርስት ነው። ሉዓላዊነትም የዜጎች ሁሉ ሥልጣን ስለሆነ ከባለቤቶቹ አንዱን በሚያዋርድ ምክንያት ሊሠራበት አይገባም። ይህን ለማለት ድንበር ሁሉ ይከፈት ማለት አያሻኝም። መንግሥት በዓመት ስንት ሰው እንደሚቀበል ሊወስን ይችላል፤ ለሕዝቡ ደኅንነት የሚያሰጋውንም ሊመልስ ይችላል። ክርክሬ ቁጥሩ በሚከፋፈልበት ምክንያት ላይ ነው።

የቻይናውያን ታሪክ ነገሩ በስድብ ብቻ እንደማያበቃ ያሳያል። ኮንግረስ በ1882 ቻይናውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ፣ ቻይናውያንም ዜግነት እንዳያገኙ ከለከለ። ቼ ቻን ፒንግ የተባለ ሠራተኛ በሳን ፍራንሲስኮ 12 ዓመት ገደማ ኖሮ በ1887 ወደ አገሩ ሲሄድ፣ ተመልሶ መግባት እንደሚችል የሚያረጋግጥ የመንግሥት ወረቀት ይዞ ነበር። ሲመለስ ገና በባሕር ላይ ሳለ፣ በኦክቶበር 1888፣ አዲስ ሕግ ወጥቶ ወረቀቱን ሻረው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1889 በዳኛ ስቲቨን ፊልድ አማካይነት በሰጠው ውሳኔ፣ የውጭ ሰውን የማገድ ሥልጣን ከሉዓላዊነት የሚመነጭ በመሆኑ የኮንግረስን ፍርድ ፍርድ ቤት አይመረምርም አለ። በሦስት ዓመት ውስጥ ይህ የደጅ ሥልጣን ወደ ቤት ዘለቀ። የ1892ቱ የጊሪ ሕግ በአገሩ የሚኖር ቻይናዊ ሠራተኛ ሁሉ የነዋሪነት የምስክር ወረቀት እንዲያወጣ አዘዘ። ሳይዝ የተገኘ ሰው ወረቀቱን ያላወጣበትን በቂ ምክንያት ማስረዳት፣ ነዋሪነቱንም ቢያንስ በአንድ የታመነ ነጭ ምስክር ማረጋገጥ ነበረበት፤ ካልሆነለት ይባረራል። ፍርድ ቤቱ በ1893 ይህንንም አጸናው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ለዚያ ቻይናዊ ጎረቤቱ የሆነው ጥቁር አሜሪካዊ ዜጋ ነው፤ ነገር ግን ያየውን ቢመሰክር ቃሉ አይበቃም። ሕጉ የወጣው በቻይናዊው ላይ ነው፤ የጥቁሩን ዜጋ ቃል ዋጋም በዚያው ተመነ።

በ1896 ፍርድ ቤቱ ጥቁርና ነጭ በባቡር ተለያይተው ይቀመጡ የሚለውን የሉዊዚያና ሕግ ሲያጸና ብቻቸውን የተቃወሙት ዳኛ ጆን ማርሻል ሐርላን፣ በዚያው የተቃውሞ ጽሑፋቸው ቻይናውያን ዜጋ እንዲሆኑ የማይፈቀድላቸው እጅግ የተለዩ ዘር መሆናቸውን እንደ ተራ እውነት አነሡ። በሳን ፍራንሲስኮ የተወለደው ዎንግ ኪም አርክ ከቻይና ሲመለስ ወደብ ላይ ታግዶ በ1898 ዜግነቱን በፍርድ ሲያስከብርም ሐርላን ድምፃቸውን የሰጡት ከተቃወሙት ጋር ነበር። ይህን የማነሣው የሰውዬውን ክብር ለመቀነስ አይደለም። በውስጥ እኩልነት ላይ ያን ያህል የጸና ሕሊና እንኳ በድንበር ላይ ያለውን ልዩነት ተፈጥሯዊ አድርጎ መውሰዱ፣ ሕግ ለብዙ ዓመታት ሲደግመው የቆየ ነገር በሰው ዓይን እንዴት እውነት እንደሚመስል ይመሰክራል።

መለኪያው ራሱስ ምን ነበር? በ1790 የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ ዜግነት የሚያገኘው «ነፃ የሆነ ነጭ ሰው» ነው አለ፤ በ1870 የአፍሪካ ተወላጆች ተጨመሩ። ታካኦ ኦዛዋ በካሊፎርኒያ የተማረ፣ በቤቱ እንግሊዝኛ የሚናገር ጃፓናዊ ነበር። በ1922 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጠባዩንና ትምህርቱን አምኖ፣ ነጭ ማለት የካውካሰስ ዘር ማለት ስለሆነ አንተ አይደለህም አለው። ሦስት ወር ቆይቶ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገለው ሕንዳዊው ባጋት ሲንግ ቲንድ በዘመኑ ሳይንስ ካውካሳዊ መሆኑን ይዞ ቀረበ። አሁን ደግሞ ሳይንሱ ተትቶ ተራው ሰው ነጭ የሚለው ማንን እንደሆነ መለኪያ ሆነ፤ ቲንድም ተሸነፈ። ሁለቱንም ውሳኔዎች የጻፉት አንድ ዳኛ፣ ጆርጅ ሰዘርላንድ፣ ናቸው። መለኪያው ሰውን አልመረጠም፤ ሊገለል የታሰበው ሰው መለኪያውን አስመረጠ። የዚህ ዕዳ በ1942 ተከፈለ። 120,000 ገደማ ጃፓናውያንና የጃፓን ተወላጆች በካምፕ ሲታጎሩ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በአሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። ወላጆቻቸው ለአሥርተ ዓመታት ኖረው «የጠላት አገር ሰው» የተባሉት ሕጉ ዜጋ እንዳይሆኑ ስለከለከላቸው ነው። ጥርጣሬውም ከወላጅ ወደ ልጅ ተላለፈ።

ጠንካራው ተቃውሞ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። ዛሬ ሕጉ ዘርን በስም አይጠራም፤ ደግሞም ምርጫ ሁሉ መለየት ነው፤ ሐኪም የሚመርጥ አገር ገበሬ የሆነ ዜጋውን ሰደበ ልንል ነው ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከቃሉ ይልቅ ቃሉ በዚያ አገር የተሸከመውን ታሪክ በመመርመር የሚገኝ ይመስለኛል። በ1917 ኮንግረስ የፕሬዚዳንት ዊልሰንን እምቢታ በድምፅ ሽሮ፣ ወደ አገሩ የሚገባ ሁሉ ማንበብ ይችል የሚል ፈተና አወጣ። ፈተናው ዘርን አይጠቅስም። ሆኖም ሴናተር ሄንሪ ካቦት ሎጅ ገና በ1896 ሲከራከሩለት፣ ጣሊያኖችንና የምሥራቅ አውሮፓ ሰዎችን እንደሚያስቀር፣ እንግሊዞችንና ጀርመኖችን ግን ብዙም እንደማይነካ በግልጽ ተናግረው ነበር። በዚያው ዘመን በደቡብ ግዛቶች የንባብ ፈተና ጥቁሮችን ከምርጫ ሣጥን ያርቅ ነበር። በ1952 ደግሞ የዜግነት የዘር ክልከላ ሲነሣ፣ ከቅኝ ግዛት የሚመጡ ሰዎች ለእያንዳንዱ ግዛት ከመቶ እንዳይበልጡ ተወሰነ፤ ጃማይካውያንና ሌሎች የካሪቢያን ጥቁሮች እስከዚያ ይጠቀሙበት የነበረው ሰፊው የብሪታንያ ኮታ በዚህ ተዘጋባቸው። «ቅኝ ግዛት» የሚለው ቃል ቀለም የለውም፤ ያረፈው ግን በጥቁሮቹ ላይ ነው። ሐኪም መምረጥ ገበሬውን የማያዋርደው በገበሬነቱ ከዜግነት ክብር ተለይቶ የኖረ ወገን ስለሌለ ነው። በቀለምና በትውልድ ግን አለ። ስለዚህ መስፈርቱ ቀድሞ ዜጋን ከዜጋ ያበላለጠ ከሆነ፣ ወይም የዚያ ተተኪ ሆኖ ከተመረጠ፣ የማስረዳት ሸክሙ የሕግ አውጪው መሆን አለበት።

ማይክል ዎልዘርን የመሰሉ ፈላስፎች ማኅበረሰብ የራሱን መልክ ለመጠበቅ አባላቱን የመምረጥ መብት እንዳለው ይሞግታሉ። ሐሳቡን አልንቀውም፤ ቋንቋና ልማድ ያለው ሕዝብ ነገው ያሳስበዋል። ነገር ግን የሚጠበቀው መልክ የማን ነው? የአሜሪካ መልክ ከመጀመሪያው ጥቁር ነበር፣ ቀደምት አሜሪካዊ ነበር፣ በካሊፎርኒያና በቴክሳስ ደግሞ ሜክሲኳዊ ነበር። የ1924 ሕግ ጠበቅሁት ያለው መልክ የተገኘው ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ከሥዕሉ ከተፋቁ በኋላ ነው። በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ፣ በኦገስት 1965 የድምፅ መስጠት መብት ሕግ፣ በኦክቶበር 1965 ደግሞ የትውልድ አገር ኮታን የሻረው የፍልሰት ሕግ፣ ሦስቱም በ15 ወራት ውስጥ የተፈረሙት በአጋጣሚ አይመስለኝም። በውስጥ ዜጎች እኩል ናቸው ብሎ በበሩ ላይ የዜጎችን ደረጃ ለጥፎ መቀመጥ አልተቻለም። ብዙ ሕግ አውጪዎች የሕዝቡ ቅንብር ያን ያህል ይለወጣል ብለው አልጠበቁም ነበር፤ ተለወጠ። በ1990 ሕግ የተቋቋመው፣ አገራችን ውስጥ ዲቪ የምንለው ዕጣም ሲጸነስ በአብዛኛው አይሪሾችን ለመርዳት ታስቦ ነበር፤ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ግን በእርሱ ገብተው ዜጎች ሆነዋል፣ ልጆችም ወልደዋል። እነዚህ ልጆች ዛሬ ውስጥ ካሉት መካከል ናቸው፤ ስለ አፍሪካ ፍልሰት በዋሽንግተን የሚነገረው ሁሉ ስለ እነርሱም የሚነገር ነው።

በ2017 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የአብዛኞቹ ሕዝብ ሙስሊም በሆነባቸው አገሮች ላይ ያወጡት እገዳ በሦስተኛ መልኩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ ከሳሾቹ የሐዋይ ግዛትና ዘመዶቻቸው የታገዱባቸው የአሜሪካ ነዋሪዎች ነበሩ። ፍርድ ቤቱም በ2018 ጉዳዩ እነርሱን እንደሚነካ ተቀብሎ ክሳቸውን አየ። ወዲያው ግን የመግቢያ ጉዳይ በአብዛኛው ለፕሬዚዳንቱና ለኮንግረስ የተተወ ነው በማለት እገዳውን አጸና፤ በዚያው ጽሑፍ የጃፓን ተወላጆችን እገታ የደገፈው የ1944 ውሳኔ ስሕተት እንደነበር ተናገረ። የ1889ኙን ውሳኔ ግን አልሻረም። ዜጋ «ይህ ሕግ ስለ እኔ ይናገራል» ብሎ ችሎት መግባት ችሏል፤ ችሎቱ የተናገረውን በሙሉ ክብደቱ እንዲመዝንለት ግን ገና አልቻለም።