«ውይ» አትበሉ

ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ነበር። ሳሎናችን ውስጥ ምንጣፉን ጠቅልለን፣ ፍሪጁን ከሶኬቱ ነቅለን፣ ትንሹን ልጅ ጎረቤት ልከን፣ ትልቁ ልጄ ቼሎውን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ ስልኬ ፊት ተቀመጠ። ለሙዚቃ ኮሌጅ የሚላከውን የቅድመ ማጣሪያ ቪዲዮ እየቀረጽን ነበር። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ አንድ ክፍል ከተጀመረ ሳይቆረጥና ሳይቀጠል እስከ መጨረሻው መሄድ አለበት፤ ፊቱም እጆቹም መታየት አለባቸው። ዘጠነኛው ሙከራ ላይ ደርሰናል። ከሁሉም የተሻለው ያ ነበር። ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው አንዲት ኖታ ሳተ። እኔም አፌን ሳልከፍት፣ በጉሮሮዬ ብቻ፣ «ውይ» አልኩ። ሰማኝ። ደጋኑ ክሩ ላይ ቆመ።

ማታ ቪዲዮውን ከፍተን ስናዳምጠው ያቺን የሳታትን ኖታ ለመለየት ሁለት ጊዜ መመለስ ነበረብን። የእኔ «ውይ» ግን ጥርት ብላ ትሰማለች። «እማ፣ ዝም ብዬ ብቀጥል ኖሮ ይህ ይላክ ነበር እኮ» አለኝ። አልተቆጣም፤ ደክሞት ነበር።

ስለዚያች «ውይ» ብዙ ቀን አሰብኩ። ልጄ ከጥቂት ወራት በኋላ ፈታኞች ተደርድረው የሚጠብቁት ክፍል ሊገባ ነው። እኔ ደግሞ እቤቱ ውስጥ ሌላ ፈታኝ ሆኜ ቁጭ ብያለሁ። እንደ እኔ ያላችሁ ወላጆች ሆይ፣ የምለምናችሁ ይህን ነው፦ ልጃችሁ ለኦዲሽን ሲዘጋጅ የፈታኙን ወንበር ለባለቤቱ ተዉለት። የእናንተ ቦታ ሌላ ነው፤ ሥራውም ሞልቷል።

እዚህ አሜሪካ የብዙዎቻችን ታሪክ ተቀራራቢ ነው። ዋሽንግተን ዙሪያም ሆነ ሚኒሶታ፣ አትላንታም ሆነ ሲያትል፣ ልጁ አራተኛ ወይም አምስተኛ ክፍል ሲደርስ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ የሙዚቃ መሣሪያ መማር የሚፈልግ ይመዝገብ የሚል። ጠባይ ያስይዘዋል፣ ከስልክም ይገላግለዋል ብለን እንፈርማለን። አገር ቤት ላሉ አያቶች ቪዲዮ እየላክን እንመረቅበታለን። ያው ልጅ አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶት «ኮሌጅ የምማረው ይህንኑ ነው» ያለ ቀን ግን ቤቱ ይናወጣል። ሌሊት ፈረቃ የገባነው፣ ታክሲ የነዳነው፣ የሰው አዛውንት ያጠብነው ለዚህ ነው ወይ እንላለን። «አዝማሪ ልትሆን ነው?» የምትለው ቃልም ካንዱ ዘመድ አፍ ማምለጧ አይቀርም።

ይህችን ቃል እንደ ስድብ መጠቀማችን ያሳዝነኛል። ማሲንቆውን ከአባቱ ተቀብሎ ለልጁ ያወረሰ ሰው ባይኖር ኖሮ ዛሬ ሠርጋችን ላይ የምንጨፍርበት ዜማ ከየት ይመጣ ነበር? የኢትዮ ጃዝ አባት የምንለው ሙላቱ አስታጥቄም ከጅማ ተነሥቶ ወደ ዌልስ የተላከው ምሕንድስና እንዲያጠና ነበር። ሙዚቃውን ያገኘው እዚያው ነው፤ ኋላም በለንደን አድርጎ ቦስተን በርክሊ ደረሰ። ይህን ያነሳሁት የእናንተም ልጅ ሙላቱ ይሆናል ለማለት አይደለም። አብዛኞቹ አይሆኑም። ብዙዎቹ ያስተምራሉ፣ በየአዳራሹና በየሠርጉ ይጫወታሉ፣ ሁለትና ሦስት ሥራ አገጣጥመው ይኖራሉ። እኛም ስንኖር የከረምነው እንደዚያው ነው።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። «ይማር ወይስ አይማር» የሚለው ክርክር ጊዜ አለው፤ ጊዜውም ክረምት ነው፤ ትምህርት ሳይከፈት፣ ማመልከቻ ሳይጀመር። አንፈቅድም የምትሉ ከሆነ ያኔ ምክንያታችሁን ዘርዝራችሁ ፊት ለፊት ንገሩት። ከፈቀዳችሁ ደግሞ እስከ ሚያዝያ ድረስ ፈቅዳችኋል። ልጅን የሚጎዳው ከሁለቱም ይልቅ ግማሽ ፈቃድ ነው። አፋችን «እሺ» ብሎ በየማታው እራት ላይ «የእገሌ ልጅ ነርሲንግ ገባች» ስንል፣ ልጁ መኝታ ቤቱ ገብቶ ቼሎውን ሲያነሳ ያችን ወሬ አብሮ ያነሳታል። ቀኝ እጁ ውስጥ ትገባለች፤ ደጋኑ ይንቀጠቀጣል። አስተማሪው «ትከሻህ ለምን እንዲህ ተወጠረ?» ብሎ ሲጠይቀው ምን ብሎ ይመልስ?

የገንዘቡንም ነገር በዚያው በክረምቱ ጨርሱት። አትደብቁት። ፊላደልፊያ ያለው ከርቲስ እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ ለትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ የሚቀበለው ግን እጅግ ጥቂት ሰው ነው። ባልቲሞር ያለው ፒቦዲ የጆንስ ሆፕኪንስ አካል በመሆኑ ሙዚቃንና ሌላ ትምህርትን አጣምሮ ሁለት ዲግሪ ለመያዝ የሚያስችል መንገድ አለው። በየስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያሉት የሙዚቃ ትምህርት ቤቶችም ለነዋሪው ልጅ ዋጋቸው ይቀንሳል፤ ከመካከላቸው በጣም ጥሩ አስተማሪ ያላቸው አሉ። ብዙ ቦታ የስኮላርሺፑ መጠን የሚወሰነው በዚያው በኦዲሽኑ ነው። እንግዲህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ከልጁ ጋር ተቀመጡና «በዓመት ይህን ያህል እንችላለን፤ ከዚህ በላይ ዕዳ ነው» በሉት። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ቁጥር ይገባዋል። የሚያስፈራው በሹክሹክታ የሚሰማው ቁጥር ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራችሁ ይጀመራል። ብዙዎቹ ኮንሰርቫቶሪዎች ማመልከቻውንና ቪዲዮውን የሚቀበሉት እስከ ዲሴምበር 1 ነው። ማጣሪያውን ያለፈ ልጅ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ በአካል ይጠራል። መልሱ ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ይሰማል፤ ልጁም እስከ ሜይ 1 ይወስናል። ይህን ሁሉ ማስታወስ፣ የገንዘብ እርዳታ ፎርሙን መሙላት፣ የማመልከቻውን ክፍያ መክፈል ወይም እንዲቀርላችሁ መጠየቅ የእናንተ ድርሻ ይሁን። እኛ ቤት ቀኖቹን በትልቁ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኳቸው፤ ልጄ ጭንቅላቱ ውስጥ እንዳይሸከማቸው። ለሚፈልገው አስተማሪ በመከር ወራት ጽፎ አንድ የሙከራ ትምህርት እንዲሰጠው መጠየቅ እንደሚቻልም ብዙዎቻችን አናውቅም። ደብዳቤውን ግን እሱ ይጻፈው፤ እናንተ አድርሱት።

የሚጫወተውንም አትምረጡለት። ለቼሎ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ከባኽ ስዊቶች ሁለት የማይመሳሰሉ ክፍሎች፣ አንድ ኤቱድ፣ ከአንድ ኮንቼርቶ የመጀመሪያው ክፍልና ስኬል ነው። እኔ የድቮርዣክን ኮንቼርቶ ዩቲዩብ ላይ ሰምቼ «ይህን ተጫወትላቸው፣ ትልቅ ነው» ብዬ ነበር። አስተማሪው ሃይድንን መረጠለት። ቅር አለኝ። ኋላ እንደገባኝ ፈታኞቹ የሚፈልጉት ልጁ ምን ያህል ከባድ ነገር መሸከም እንደሚችል ሳይሆን የያዘውን ምን ያህል አጥርቶ እንደሚጫወት ነው፤ ሃይድን ላይ ደግሞ የሚደበቅበት ጥግ የለም።

ለእናንተ የተተወው ዕቃው ነው። ቼሎ እንጨት ነው፤ እንጨት ደግሞ በአሜሪካ የብርድ ወራት ይሰቃያል። ማሞቂያው ሲበራ የቤቱ አየር ይደርቃል፤ ሆዱ ይሰነጠቃል። እርጥበቱ ከ40 እስከ 60 በመቶ ቢሆንለት ይመረጣልና መለኪያዋን ገዝታችሁ ግድግዳው ላይ ስቀሉ፤ ሲወርድ የእንፋሎት ማሽኑን አብሩ። መኪና ውስጥ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን አትተዉት። ጠዋት መንገድ ስትወጡ መጀመሪያ መኪናውን አሙቁና ከዚያ ቼሎውን አስገቡ። ትርፍ ክሮች፣ ሙጫ፣ ወለል ላይ እንዳይንሸራተት እግሩ ሥር የሚደረገውን ማቆሚያ ሻንጣው ኪስ ውስጥ እናንተ ቁጠሯቸው። በአውሮፕላን ከሄዳችሁ ለቼሎውም ወንበር ይገዛለታል፤ ቀድማችሁ ደውሉ። ሰው ይህን ሎሌነት ነው ሊለው ይችላል። እኔ ግን ያችን መለኪያ በየማታው ሳነብ ልጄ አይቶኛል፤ ሙዚቃ ስለማላውቅ ልነግረው የማልችለውን ነገር የነገርኩት በዚያ ነው።

ሴት አያቴ ጎጃም ውስጥ ከአንድ ደብር አጠገብ ትኖር ነበር። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ደጇ ላይ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ከሞሰቡ ቁራሽ ታወጣለታለች። ያ ልጅ ድጓውን ዓመታት ፈጅቶ ይማራል፤ ዓላማው አንድ ቀን ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ ማስመስከር ነው። ቤተልሔም የድጓ መፈተኛ ናት፤ እዚያ ያልተመሰከረለት በድጓ መምህርነት ወንበር ሊዘረጋ ይቸግረዋል። ታዲያ አያቴ ለዚያ ተማሪ ቁራሹን ስትሰጠው «ግዕዙ እንዴት ሆነልህ? ዕዝሉን ያዝከው?» ብላው አታውቅም። ያ የየኔታ ሥራ ነው። እሷ እንዳይራብ ታደርገዋለች፤ ውሻዋን ታስርለታለች። ያን ሁሉ ሊቅ ያፈራች አገር እንደዚህ ሥራ ተከፋፍላ ነው ያፈራችው። እኛ ይህን ትተን የኔታንም አያትንም ልንሆን ስንሞክር ሁለቱንም እናጣለን።

አንድ ልማዳችን ደግሞ ለኦዲሽን በጣም ይጠቅማል፤ ቡናችን። ፈረንጆቹ የልጁን የማስመሰያ ፈተና ጸጥ ባለ ክፍል ያደርጉለታል። እኛ ጃንዋሪ ውስጥ በየእሑዱ ቡና አፈላን፤ ጎረቤትና የማኅበር ሰው ጠራን። ልጄ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ከመኝታ ቤት ይወጣል፣ ስሙንና የሚጫወተውን ይናገራል፣ ይቀመጣል፣ ይጫወታል። ሲኒ ይንኳኳል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ አንዷ ስልኳ ይጮኻል። አንድ ቀን መሐል ላይ «በቃ፣ አመሰግናለሁ» በሉት ብዬ ለአንድ አዛውንት ነገርኳቸው፤ እውነተኛ ፈታኞች እንደዚያ ያደርጋሉና። ኦዲሽን አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ የሰሙት ከበቃቸው ያስቆማሉ፣ ወደ ሌላው ክፍል ይዘላሉ። ያልተነገረው ልጅ ጠሉኝ ብሎ ይሰበራል። እንግዶቹን የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዳይመክሩት። «እግዚአብሔር ያክብርልን» ብለው ሲመርቁት ዓይኑ ላይ ያየሁትን ደስታ የትም አላየሁም።

ጣቱን ወይም ክንዱን ካመመው ግን ያን ቀን ልምምዱ ይቁም፤ ለአስተማሪውም ይነገር። «ቻለው፣ ጥቂት ቀረህ» አትበሉ። በሕመም ላይ የተለማመደ እጅ ወራት የሚያስተኛ ጉዳት ያመጣል። ሌሊቱን እየነጠቃችሁም አታስጠኑት፤ ጠዋት ያረፈ ልጅ በአንድ ሰዓት የሚይዘውን የደከመው በሦስት ሰዓት አይዘውም።

ቀኑ ደረሰ። ወደ ሰሜን በመኪና ወሰድኩት። በር ላይ ስንደርስ የተናገርኩት «ውሃ ይዘሃል?» ብቻ ነው። ሌላ ልናገር ያሰብኩት ነበር፤ ጉሮሮዬ ላይ ያዝኩት። ኮሪደሩ ላይ ሌሎች ወላጆች ተቀምጠዋል፤ አንዱ አባት በሩ ላይ ጆሮውን ደቅኖ የልጁን ስሕተት በጣቱ ይቆጥራል። እኔ ተነሥቼ ወደ ታች ወረድኩና ሕንፃውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ስመለስ ልጄ ቼሎውን ተሸክሞ ቆሟል። «እርቦሃል?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ስለ መልስ ጉዞውም ልምከራችሁ። እንዴት ነበር፣ ምን አሉህ፣ ፈገግ አሉ ወይ እያላችሁ አትጠይቁ። መኪና ውስጥ ማምለጫ የለም፤ ገና ራሱ ያልመዘነውን ነገር እንዲመዝንላችሁ ታስገድዱታላችሁ። ምግብ ስጡትና ዝም በሉ፤ ቢተኛ ይተኛ። የእኔው ሳንድዊቹን በልቶ መስኮቱን ሲያይ ብዙ ማይል ሄድን። ጠየቀችኝ አልጠየቀችኝ ብሎ ሲሰልለኝ ይሰማኝ ነበር። ሜሪላንድ ገብተን የሱስኩሃናን ወንዝ ድልድይ ስንጀምር፣ መሽቶ ውሃው ጠቁሮ ሳለ፣ ራሱ ጀመረ።

«እማ» አለኝ፣ «ሃይድኑን ቶሎ አስቆሙኝ። የባኽን ሳራባንድ ግን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።»