ከእምነት ለራቀ ወንድማችን እንዴት እንጸልይ?



ከመካከላችን ወንድሙ ወይም እኅቱ ከካቶሊካዊት እምነት የራቁበት አለ። እሑድ ወደ ቅዳሴ ስንሄድ እርሱ ከቤት ይቀራል፤ ማታ በማዕድ ስንገናኝ ወይ እንከራከራለን፥ ወይ እንኮራረፋለን። ከዚያም «ጸለይንለት፥ ግን አልተመለሰም» እንላለን።

እስቲ ቅድስት ሞኒካን እናስታውስ። ልጇ አጎስጢኖስ የእናቱን እምነት ትቶ 9 ዓመት ያህል የማኒን ትምህርት ተከተለ። እርሷም በመጀመሪያ አዝና ከማዕዷ ከለከለችው፤ ኋላ ግን በሕልም ስለ ተጽናናች መልሳ ተቀበለችው። አንድ ጳጳስ ልጇን ተከራክሮ እንዲረታላት ብትለምነው እምቢ አለ፤ ልጁ ገና ለመማር እንዳልተዘጋጀ ነግሮ፥ እንድትጸልይለት ብቻ መከራት። እርሷም በእንባ ጸለየች፤ እስከ ሚላኖ ድረስም ተከተለችው። በ387 እ.ኤ.አ. በትንሣኤ ሌሊት አጎስጢኖስ በቅዱስ አምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ። እናቲቱም በዚያው ዓመት ዐረፈች።

ከዚህ ምን እንማራለን? ጸሎት ወንድማችንን የምንረታበት ክርክር አይደለም። እርሱ እንዲሰማን ድምፃችንን ከፍ አድርገን ብንጸልይ ተግሣጽ እንጂ ጸሎት አይሆንም። በስውር እንጸልይለት፤ በግልጥ እንውደደው። የሚመለስበትን ቀን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው፤ የእኛ ድርሻ በሩን አለመዝጋት ነው። እኛንም እግዚአብሔር ስንት ጊዜ ታግሦ ጠብቆናል!

እንግዲህ ዛሬ ማታ ስሙን ጠርተን አንድ «አባታችን ሆይ» እንድገምለት። እራት ሲቀርብም እንጥራው።

አሜን።