ማን ለማን ይቃኛል?

የልዩ ልዩ ሕዝቦች የሙዚቃ መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ተሰልፈው ሲታዩ እኩልነት እንደ ተረጋገጠ ተቆጥሮ ይጨበጨባል። ይሁን እንጂ ጎን ለጎን መቀመጥ ብቻውን የእኩልነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት አንዱ አውታሩን አጥብቆ ወይም አላልቶ ከሌላው ድምፅ ጋር መስማማት አለበት። ስለዚህ መሠረታዊው ጥያቄ ማን ለማን ይቃኛል የሚለው ነው። የቻይና ባህላዊ መሣሪያዎች ከቫዮሊን፣ ከቼሎና ከፒያኖ ጋር የተገናኙበት ታሪክ ይህን ጥያቄ ለመመርመር በቂ ማስረጃ ይሰጣል።

ኤርሁ ጭን ላይ ቆሞ እንደ መሰንቆ በደጋን የሚመታ ባለ ሁለት አውታር መሣሪያ ነው። ጣት አውታሩን የሚጫንበት ገበታ ስለሌለው ድምፁ እንደ ሰው ልሳን ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ይሄዳል። ሊዩ ቲየንሁዋ (እ.ኤ.አ. 1895–1932) ቫዮሊን አጥንቶ የጣት አጠቃቀሙንና የልምምድ ዘዴውን ለኤርሁ በመዋሱ፣ በሕዝባዊ ጨዋታና በአጃቢነት ተወስኖ የኖረው መሣሪያ ብቻውን የሚደመጥበት የኮንሰርት መድረክ ላይ ወጣ። ይህ በባለቤቱ ፈቃድና ለባለቤቱ ዓላማ የተደረገ ውሰት ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ለውጥ ግን ዋጋ አስከፍሏል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት የሐር አውታሮች በአብዛኛው በብረት ተተኩ። በፒፓ አንገትና ሆድ ላይ ያሉት ድምፅ መወሰኛ እርከኖችም በቁጥር ጨምረው ከፒያኖው አሥራ ሁለት እኩል ድምፆች ጋር እንዲገጥሙ እንደገና ተደለደሉ። ድምፁ ጎላ፤ አብሮ መጫወትም ቀለለ። በአንፃሩ በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚያርፉትና ለጥንቱ ጨዋታ ለዛ የሰጡት ድምፆች ቦታቸው ጠበበ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፒያኖው አንዲት ቁልፍ እንኳ አልለወጠም።

ከዚህ ተነሥቶ ባህል እንዳይበረዝ በሩ ይዘጋ የሚል ቢኖር ታሪክ አይደግፈውም። «ሁ» የሚለው ቃል ራሱ ቻይናውያን በጥንት ዘመን የሰሜንና የምዕራብ ጎረቤቶቻቸውን ይጠሩበት የነበረ ነው። ፒፓም ከማዕከላዊ እስያ የመጣ ዝምድና አለው። ዛሬ የምዕራባውያን መለያ ተደርጎ የሚታየውን የአሥራ ሁለት እኩል ድምፆች ስሌት ደግሞ የሚንግ ሥርወ መንግሥት ልዑል የነበረው ዡ ዛይዩ እ.ኤ.አ. በ1584 በትክክል አስልቶት ነበር። እንግዲህ የትውልድ ሐረግ መመዘኛ ሊሆን አይችልም። መመዘኛው የለውጡ ሸክም በማን ትከሻ ላይ ይወድቃል የሚለው ነው።

ሸክሙን መጋራት እንደሚቻል የሚያሳዩ ሥራዎች አሉ። ሄ ዣንሃኦና ቼን ጋንግ እ.ኤ.አ. በ1959 ለቫዮሊንና ለኦርኬስትራ በደረሱት «የቢራቢሮ ፍቅረኞች» ኮንቼርቶ ውስጥ ተማሪ የሆነው ቫዮሊን ነው፤ የኤርሁን መንሸራተትና የቻይና ኦፔራን አዜያዜም ይቀስማል። ታን ደን እ.ኤ.አ. በ1994 ለክሮኖስ ኳርቴትና ለፒፓ ተጫዋቿ ዉ ማን በጻፈው «የመናፍስት ኦፔራ» ውስጥ ደግሞ የአራቱ አውታረኞች ተግባር ከመሣሪያቸው ያልፋል፤ በውኃ፣ በድንጋይ፣ በብረትና በወረቀት ድምፅ ያሰማሉ። የባህና የቻይና ሕዝብ ዜማ እዚያ ይገናኛሉ። አምስቱም ተጫዋቾች የለመዱትን ትተው ያልለመዱትን ይማራሉ።

እንዲህ ያለው ቅንጅት ብዙ ድካምና ረጅም ልምምድ ይጠይቃል። ደራሲው እያንዳንዱ መሣሪያ ምን እንደሚያገኝ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚያጣም አስቀድሞ ማወቅ አለበት። መምህሩም የኤርሁን ተማሪ ቫዮሊን እንዲያዳምጥ በሚያዝበት ሰዓት የቫዮሊኑን ተማሪ ኤርሁ እንዲያዳምጥ ማዘዝ ይገባዋል። አብሮ ለመጫወት ሁሉም ከራሱ ጥቂት መተው ግድ ይሆንበታል፤ ዘወትር የሚተወው አንዱ ወገን ብቻ ከሆነ ግን መድረኩ ላይ ሁለት ቢቀመጡም የሚሰማው አንድ ነው።