የተከፈለበት ፈገግታ ፍቅር ነው?

በከተሞቻችን የታክሲ መያዣ ባለበት ሁሉ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት አትጠፋም። ጠዋት ፉል፣ ምሳ ላይ ሽሮ ተጋቢኖ፣ ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ ይቀርብባታል። ጠረጴዛዎቿ ጥቂት ስለሆኑ የታክሲ ረዳቱ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ተማሪውና የባንክ ሠራተኛው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ቀድሞ የቀረበለት ሰው አጠገቡ የተቀመጠውን፣ የማያውቀውንም ቢሆን፣ «እንብላ» ይለዋል። ደንበኞቿን «ለምን እዚህ ትመላለሳላችሁ?» ብትሏቸው መጀመሪያ ዋጋዋን ያነሣሉ፤ ትንሽ ቆይተው ግን «ሴትዮዋ ሰው ናት፤ ፊቷ አይጠቁርም» ይሏችኋል። በዚያው ዋጋ የሚሸጥ ሌላ ቤት ከጎኗ እያለ እርሷ ዘንድ የሚሄዱት ስለዚህ ነው።

ታዲያ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሴትዮዋ ፈገግ የምትለው ደንበኛ እንዳይቀርባት ነው። የተከፈለበት ፈገግታ ፍቅር ሊባል ይችላል? ወይስ ሽሮው ላይ እንደተጨመረ ቅመም የንግዱ አንድ ክፍል ነው?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ስኮትላንዳዊው አዳም ስሚዝ በ1776 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ማዕዳችንን የምናገኘው ከሥጋ ሻጩና ከዳቦ ጋጋሪው ቸርነት ሳይሆን የራሳቸውን ጥቅም ከመፈለጋቸው እንደሆነ አስረድቷል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት ደግሞ በ1785 እ.ኤ.አ. የአንድ ባለ ሱቅ ምሳሌ አቀረበ። ባለ ሱቁ ለሁሉም አንድ ዋጋ ስላለው ሕፃን ልጅ እንኳ ሳይታለል ይገዛል። ሰውዬው ይህን የሚያደርገው ለገበያው ብሎ ከሆነ ግን፣ ካንት እንደሚለው፣ ድርጊቱ ትክክል ቢሆንም የሞራል ዋጋ የለውም።

ይህ ሐሳብ ከጌታ ትምህርት ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለ። ጌታ ኢየሱስ ግብዣ ስናደርግ ብድር የሚመልሱልንን ሳይሆን ሊመልሱልን የማይችሉትን እንድንጠራ አስተምሯል (ሉቃ. 14፥12-14)። ነገር ግን ከዚህ ተነሥተን በንግድ ውስጥ ያለውን ደግነት ብንንቅ እንሳሳታለን። ሁለት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛ፣ ትክክለኛ ዋጋ ራሱ የእግዚአብሔር ጉዳይ ነው፤ ሕጉ እውነተኛ ሚዛን እንዲኖረን ያዛል (ዘሌ. 19፥35-36)። ርካሽና ንጹሕ ምግብ ለድሀው ከጥጋብ በላይ ይሰጠዋል፤ ከፍሎ መብላትን ይሰጠዋል። ምጽዋት የተቀበለ ሰው አንገቱን ሊደፋ ይችላል፤ ሂሳቡን የከፈለ ግን ቀና ብሎ ይወጣል። በአሜሪካ ግሪንስቦሮ ከተማ፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 እ.ኤ.አ.፣ አራት ጥቁር የኮሌጅ ተማሪዎች ዎልዎርዝ በተባለ መደብር የምሳ ባንኮኒ ላይ ተቀምጠው ቡና አዘዙ። መደብሩ ሌላ ዕቃ ሸጦላቸው ገንዘባቸውን ተቀብሏል፤ ባንኮኒው ላይ ግን አላስተናግድም አላቸው። እነርሱም ከመቀመጫቸው አልተነሡም። በማግስቱና በተከታዮቹ ቀናት ሌሎች ተጨመሩ፤ በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ባንኮኒው ለጥቁሮችም ተከፈተ። የታገሉት ለቡናው አልነበረም። እኩል ከፍሎ እኩል መቀመጥ የሰውነት ክብር ስለሆነ ነው።

ሁለተኛ፣ ልብን የሚያየው እግዚአብሔር ብቻ ነው። በጥቅም የተጀመረ ፈገግታ በጥቅም ብቻ ላይቀር ይችላል። ይህን የሚያሳየን የዱቤ ደብተሩ ነው። ደንበኛዋ ሥራ ሲያጣ «ግድ የለም፣ ስታገኝ ትከፍላለህ» ብላ ሳህኑን የምታቀርብ ሴት፣ ነገ ይመለሳል ብላ አስልታ ይሆናል፤ ላይመለስ እንደሚችልም ግን ታውቃለች። እያወቀች ታቀርብለታለች።

ሆኖም ዱቤም ወሰን አለው። ጤፍና ዘይት ሲወደድ፣ ኪራይ ሲጨምር ኪሳራው የእርሷ ነው፤ ልጆቿንም የምታሳድገው ከዚያችው ቤት ነው። ፈጽሞ ሊከፍል የማይችለውን መመገብ የቤተ ክርስቲያን ሸክም እንጂ የአንዲት ሴት ብቻ አይደለም። ስለዚህ ስለ እርሷ የጀመርነው ጥያቄ ወደ እኛ ይዞራል።

በመጀመሪያ እንደ ደንበኛ እንጠየቅ። አስተናጋጇ ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች እኩያችሁ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች። ፈገግ እንድትል እንጀራዋ ያስገድዳታል፤ እኛን ግን የሚያስገድደን የለም። ስለዚህ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያልተከፈለበት ደግነት ሊገኝ የሚችለው ከእኛ ነው። በጭብጨባ ሳይሆን በስሟ እንጥራት። ዱቤያችንን በቀጠሮው ቀን እንክፈል። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እንበላት።

ቀጥሎ እንደ ጉባኤ እንጠየቅ። ሐዋርያው ያዕቆብ ባለ ጠጋውን በክብር ቦታ አስቀምጠው ድሀውን «እዚያ ቁም» የሚሉትን ወቅሷል (ያዕ. 2፥1-4)። የቆሮንቶስ ቅዱሳንም በጌታ ማዕድ ዙሪያ አንዱ ሲጠግብ ሌላው ይራብ ነበር (1ኛ ቆሮ. 11፥20-22)። እኛስ? ፕሮግራም ሲያልቅ ከምናውቃቸው ጋር ክብ ሠርተን እንቆማለን፤ አዲሱ ወንድም በር ላይ ትንሽ ቆይቶ፣ ስልኩን ነካክቶ ይሄዳል። ሽሮ ቤቷ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ወንበር የሚስብለት ሰው አያጣም ነበር። ጥቂት ብር ለማያውቁት ሰው ይህን ያህል ዓይን ከከፈተ፣ በነጻ የተቀበልነው ጸጋ የእኛን ምን ያህል ሊከፍት ይገባዋል?

ወጣቶች ሆይ፣ በሚመጣው እሑድ ብድር ሊመልስላችሁ የማይችል አንድ ሰው ፈልጉና ወደ ሰፈራችሁ ሽሮ ቤት ይዛችሁት ሂዱ። አንድ ትሪ እዘዙ፤ አብራችሁ ብሉ፤ ታሪኩን ስሙት። ሂሳቡን ስትከፍሉ ደግሞ አታስታውቁበት።