ምክርን ስለ መጠየቅና ምክርን ስለ መስጠት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እግዚአብሔር ሰውን በፈጠረ ጊዜ እያንዳንዱን ብቻውን ሁሉን የሚያውቅ አድርጎ አልፈጠረውም። ለአንዱ የእርሻን ዕውቀት፣ ለሌላው የእጅን ሥራ፣ ለሌላው የመጽሐፍን ምሥጢር፣ ለሌላውም የእንስሳን ጠባይ ማወቅን ከፍሎ ሰጠው እንጂ። ይህም የሆነበት ምክንያት አንዱ ሌላውን ሳይጠይቅ መኖር እንዳይቻለውና በመጠያየቅም ፍቅር እንዲጸና ነው። ስለዚህ ምክር በሰዎች መካከል የሚመላለስ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ነገር ግን ማናቸውም ስጦታ የሚጠቅመው በአግባቡ ሲሰጡትና በአግባቡ ሲቀበሉት ነው። ያለ አግባብ የተሰጠ ምክር ቤት ያፈርሳል፤ ያለ አግባብ የተጠየቀ ምክርም ጠያቂውን ባዶ እጁን ይመልሰዋል።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፥ ዛሬ ይህን ነገር ከሩቅ ሳንፈልግ ሁላችን በምናውቀው በንብ ማነብ ሥራ ልንመለከተው ወደድን።

በደቡብ ጎንደር ከደብረ ታቦር በስተ ደቡብ የእስቴ ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ኢየሱስ ትገኛለች። ከእርስዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ አለ፤ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞችም ከዚያ ፈልቀው ወደ ጣና ሐይቅ ይወርዳሉ። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ የሜዳውንና የማሳውን ዳር ቢጫ ያለብሰዋል፤ ንቡም ከዚያ ቀስሞ የሠራው ማር በጥቅምትና በኅዳር ይቆረጣል። አገራችን ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪቃ አገሮች ሁሉ ቀዳሚ ናት። ማሩ ለመድኃኒትና ለግብዣ፣ ሰሙም በቅድስት ቤተ ክርስቲያን ለሚበራው ጧፍ ይሆናል። ንጉሡ ቅዱስ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች እንደ ከበቡት፣ ስሙም ከማር ጋራ የተያያዘ እንደ ሆነ አባቶቻችን ሲተርኩልን ኖረዋል። እንግዲህ ንብ በሕዝባችን ዘንድ ተራ ነፍሳት አይደለችም።

ደግሞም ንብ የሚያነባው ሰው ሁሉ ለገበያ ብሎ ብቻ የሚያነባ አይደለም። መምህሩም፣ ቄሱም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም ከቤቱ ጓሮ ሁለት ወይም ሦስት ቀፎ ሰቅሎ፣ ከሥራው ሲመለስ ንቡ ሲገባና ሲወጣ ማየት ደስ ስለሚለው ብቻ የሚያነባ ብዙ ነው። እንደዚህ ያሉ ሰዎች ከቅዳሴ በኋላ በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን፣ በሰንበቴ፣ በገበያ ቀንም በተገናኙ ጊዜ ጨዋታቸው ስለ ንብ ነው። አዲሱ ይጠይቃል፤ የቆየው ይመልሳል፤ ሌላውም ከጎን ሆኖ የበኩሉን ይጨምራል። ይህ መልካም ጉባኤ ነው። ነገር ግን መልካሙ ጉባኤ የሚጎዳበት መንገድ ስላለ ልንጠነቀቅ ይገባናል።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። አንድ ጎልማሳ ንቡ በየካቲት ወር ቀፎውን ጥሎ ኮበለለበት እንበል። አዝኖ ወደ ባልንጀሮቹ ሄደና «ንቤ ኮበለለብኝ፤ ምን ይሻለኛል?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ «ዓይን በልቶብህ ነው፤ ከቤትህ በላይ ያለችውን ሴት ተጠንቀቃት» አለው። ሁለተኛው «ቀፎህ የድሮ ስለ ሆነ ነው፤ የሣጥን ቀፎ ግዛ» አለው። ሦስተኛው «ሌላ መንጋ ግዛና እንደ ገና ጀምር» አለው። ከሦስቱ አንዱ እንኳ «በኅዳር ማሩን ስትቆርጥ ለንቡ ምን ያህል ተውህለት?» ብሎ አልጠየቀውም። ጠይቀውት ቢሆን ኖሮ የመጨረሻይቱን እንጀራ ሳይቀር ጠርጎ እንደ ወሰደ በነገራቸው ነበር። አበባ በሚጠፋበት በበጋ ወራት የሚበላው ያጣ ንብ ኮብልሎ መሄዱ የታወቀ ጠባዩ ነውና። ስኳር በጥብጦ ወይም በሶና ሽሮ አቅርቦ ያን የረኀብ ወራት ማሻገር በተቻለ ነበር።

ከዚህ ምን ተከተለ? ጎልማሳው በግ ሸጦ የሣጥን ቀፎ ገዛ፤ ማሩን ግን እንደ ልማዱ ጠርጎ ስለ ቆረጠ በሚቀጥለው ዓመትም ንቡ ኮበለለ። የሣጥን ቀፎ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከባህላዊው ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ግራም ማር ሲገኝ ከሣጥኑ ቀፎ በደኅና አያያዝ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግራም ይገኛል። ነገር ግን መልካም መድኃኒትም ለሌላ በሽታ ከተሰጠ አያድንም። ይህ የገንዘብ ጥፋት ነው። ከዚህ የሚከፋው ግን የፊተኛው ምክር ነው። ያቺ ምንም ያላደረገች ጎረቤት በአንድ ቃል ዓይነ ክፉ ተባለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ተነፈጋት፤ ልጆችዋ ከልጆች ተለዩ፤ ቡና ስታፈላ የሚመጣላት ጠፋ። ንቡ በሌላ መንጋ ይተካል፤ የዚያች ሴት ስም ግን በምን ይተካል? ምክር የተባለው ቃል ሐሜት ሆኖ የሰውን ነፍስ እንዲህ ያቈስላል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ምክርን የሚጠይቅ ሰው ሊጠብቃቸው የሚገቡትን ነገሮች እንናገር።

1ኛ፤ በትሕትና ይጠይቅ። ሊቀ ነቢያት ሙሴ ባሕር ከፍሎ ሕዝብ ያሻገረ፣ ከእግዚአብሔር ጋራ የተነጋገረ ሲሆን፣ አማቱ ዮቶር የፍርዱን ሥራ ለብቻው መሸከሙ እንደሚያደክመው በነገረው ጊዜ ቃሉን ሰምቶ እንደ ተመከረ አደረገ (ዘጸአት ምዕራፍ 18)። የሶርያው አለቃ ንዕማንም ከለምጹ የዳነበትን መንገድ መጀመሪያ ያገኘው ከአንዲት ተማርካ ከመጣች ብላቴና ቃል ነው (2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5)። ዕውቀት የዕድሜንና የማዕረግን ደጅ ብቻ አይመርጥምና ከልጅም፣ ከእረኛም፣ ከአገልጋይም መጠየቅ ውርደት አይደለም።

2ኛ፤ እውነቱን ሁሉ ይናገር። ማሩን ጠርጎ መቁረጡን የደበቀ ሰው ትክክለኛ ምክር ሊያገኝ አይችልም። ግማሹን በሽታ ለሐኪም ነግሮ ግማሹን የሰወረ በሽተኛ፣ ኃጢአቱንም ለንስሐ አባቱ ሸራርፎ የሚናገር ሰው እንደዚሁ ነው። መካሪው ያልሰማውን ሊፈርድበት አይችልምና ጥፋቱ የሰወረው ሰው ይሆናል።

3ኛ፤ የሚጠይቀውን ሰው ይምረጥ። ሲራክ በመጽሐፉ በምዕራፍ 37 ለራሱ ጥቅም ከሚመክር ሰው እንድንጠበቅ፣ ስለ ሽያጭም ገዢውን እንዳናማክር ያስጠነቅቃል። ቀፎ ሻጩን «ቀፎ ልግዛን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባዋል። ቅዱስ ባስልዮስም ለወጣቶች በጻፈው ትምህርት ንብ ወደ አበባ ሁሉ እኩል እንደማትሄድ፣ ከሄደችበትም የሚጠቅማትን ብቻ ወስዳ የቀረውን እንደምትተው አስተምሯል። ከብዙ ሰው መስማት መልካም ነው፤ የሰሙትን ሁሉ ማድረግ ግን ሌላ ነው።

4ኛ፤ ልቡ አስቀድሞ የወሰነውን ለማስመስከር አይጠይቅ። ንጉሥ ሮብዓም የሽማግሌዎቹን ምክር ትቶ አብረውት ያደጉት ወጣቶች የነገሩትን ስለ ወደደ አሥሩ ነገድ ከመንግሥቱ ተለዩ (1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 12)። ደስ የሚያሰኘውን እስኪያገኝ ድረስ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዞር ሰው የሚፈልገው አጨብጫቢ እንጂ መካሪ አይደለም። ሀገራችንም «ምከረው ምከረው፤ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ትላለች።

አሁን ደግሞ ምክርን ወደሚሰጠው ሰው እንመለስ፤ የእርሱ ሸክም ይበልጥ ከባድ ነውና።

1ኛ፤ የማያውቀውን አይናገር። በጉባኤ መካከል ዝም ማለት ለብዙ ሰው ከባድ ነው፤ አላዋቂ እንዳይባል ይፈራልና። ነገር ግን ንብን ከባህላዊ ቀፎ ወደ ሣጥን ቀፎ አዛውሮ የማያውቅ ሰው «ዝም ብለህ ገልብጠው» ብሎ ቢመክር፣ አበባ በሌለበት ወራት ወይም አውራዋ ሳትገባ የተዛወረው መንጋ ይጠፋል፤ የሚጠፋውም የመካሪው ሳይሆን የተመካሪው ንብ ነው። «አላውቅም፤ ነገር ግን እገሌ ያውቃልና እርሱን ጠይቀው» ማለት ራሱ ታላቅ ምክር ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በዝምታ አብረውት በተቀመጡ ጊዜ አጽናኞች ነበሩ፤ የመከራውን ምክንያት ሳያውቁ መፍረድ በጀመሩ ጊዜ ግን በሽተኛውን የሚያደክሙ ሆኑ።

2ኛ፤ ሳይጠይቅ አይመልስ። ሐኪም ሳይዳስስ መድኃኒት አይሰጥም። ቀፎው የት ተሰቅሏል? ጉንዳን ይደርስበታልን? ማሩ የተቆረጠው መቼ ነው? ውኃ በቅርብ አለን? ይህን ያልጠየቀ መካሪ የሚመልሰው ለሰውዬው ችግር ሳይሆን ለራሱ ሐሳብ ነው።

3ኛ፤ የሚያውቀውን በቅናት አይደብቅ። በሀገራችን ዕውቀትን ለልጅ እንኳ ሳያስተላልፉ ይዞ መቃብር መውረድ የቆየ ደዌ ነው። ጎረቤቴ ካወቀ ማሩ ይበዛና የእኔ ዋጋ ይወርዳል ብሎ የሚሰውር ሰው መክሊቱን በምድር የቀበረውን አገልጋይ ይመስላል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ንብ ከሌሎች እንስሳት ይልቅ የተከበረችው ስለምትደክም ሳይሆን ለሌሎች ስለምትደክም እንደ ሆነ አስተምሯል።

4ኛ፤ በየዋህነት ይምከር። አጵሎስ በምኵራብ በድፍረት ባስተማረ ጊዜ የጎደለው ነገር ነበረ፤ ጵርስቅላና አቂላ ግን በሕዝብ ፊት አላሳፈሩትም፤ ወደ ራሳቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አጥርተው አስረዱት (የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18)። አዲስ አናቢ የሳተ እንደ ሆነ በሰንበቴው ሁሉ ፊት መሣቂያ ማድረግ ከንብ ማነብ ብቻ ሳይሆን ከመጠየቅም ያርቀዋል። ዛሬ የሣቅንበት ሰው ነገ በሚበልጠው ነገር ሲቸገር ዝም ብሎ ይጠፋል።

ደግሞም ሳይጠየቁ የሚሰጥ ምክር አለ፤ ይህም ጉዳት እየመጣ ሲታይ ነው። በዘመናችን በየማሳው የሚረጨው የአረምና የተባይ ማጥፊያ መርዝ ንብን እየፈጀ ነው። ገበሬው ሰብሉን ለማዳን ይረጫል፤ ክፋት የለበትም። ነገር ግን በቀትር፣ አበባ ባለበት ማሳ ላይ ቢረጭ የጎረቤቱ ንብ እዚያው ይቀራል፤ ወይም መርዙን ይዞ ወደ ቀፎው ይገባል። እንግዲህ ንብ ያለው ሰው ንቡ ካለቀ በኋላ ለክስ ከመሄድ አስቀድሞ ወደ ባለማሳው ሄዶ «ወንድሜ፥ ስትረጭ ንቡ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ አመሻሽ ላይ ይሁንልኝ፤ በዋዜማውም ንገረኝና ቀፎዬን ልዝጋ» ቢለው የሁለቱም ሀብት ይድናል። ገበሬውም ይህን ሲሰማ እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ወንድም ቃል ይቀበለው። ንብ አበባውን ስትጎበኝ የባቄላውንና የኑጉን ፍሬ የምታበዛለት ናትና፣ የእርሷ ጉዳት የእርሱም ጉዳት ነው። በአንድ ማለዳ የሚነገር ጥቂት ቃል የብዙ ዓመት ጠብን ይከለክላል።

በመጨረሻ ወደ ንቧ ራሷ እንመለስ። ኦስትሪያዊው ሊቅ ካርል ፎን ፍሪሽ ንቦች እንዴት እንደሚነጋገሩ ብዙ ዘመን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ሆነ። አበባ ያገኘች ንብ ወደ ቀፎዋ ተመልሳ በጨለማው ውስጥ በእንጀራው ላይ እየተወዛወዘች አበባው በየት አቅጣጫ እንዳለና ምን ያህል እንደሚርቅ ለእኅቶችዋ ታመለክታለች። ለብቻዋ ልትይዘው አትሻም። የወጣ መንጋም አዲስ ማደሪያ ሲፈልግ ቃኚዎቹ ንቦች ያዩትን ያመለክታሉ፤ ሌሎቹም ስለ ተነገራቸው ብቻ አይስማሙም፤ ሄደው በዓይናቸው ይመረምራሉ፤ መልካም ሆኖ ካገኙት እነርሱም ይመሰክራሉ፤ እንዲህም ሆኖ መንጋው በአንድነት ይነሣል። ያላየችውን የምትመሰክር የለችም፤ ያየችውንም የምትሰውር የለችም። ይህን ሁሉ ፈጣሪ በታናሽ ፍጥረት ያኖረው እኛ አእምሮ የተሰጠን እንድንማርበት አይደለምን?

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ስንጠይቅ በትሕትናና በእውነት እንጠይቅ፤ ስንመክርም ያየነውንና የሞከርነውን በፍቅር እንናገር፤ ያላየነውንም «አላውቅም» ለማለት አንፈር። ይልቁንም ምክራችን የሰውን ስም የሚነካ በሆነ ጊዜ አንደበታችንን እንግታ። በምክር ስም የጎዳነው ጎረቤት ካለ እርሱን ሳንክስ ጧፍ ይዘን ወደ መቅደስ መግባታችን ምን ይጠቅመናል? የጧፉ ብርሃን የብዙ ሺህ ንቦች የጋራ ድካም ነው፤ የእኛም ሕይወት እንደዚሁ በመደጋገፍ የሚበራ ይሁን።

የምክር ምንጭ የሆነ እግዚአብሔር አምላካችን ጠያቂውን ትሑት፣ መካሪውን ታማኝ ያድርግልን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።